ስለ አንድ ቺንጋ

የመንግሥታት ኀይል በሠራዊት ብዛት ብቻ የሚለካ ይመስለን ነበር። ይህን አሳባችንን የለወጠው ግን አንድ የተበጠሰ ቺንጋ ነው።

ነገሩ እንዲህ ነው። በአንድ ኅዳር ወር፥ ከአሰላ ወደ ኢተያ ቁልቁል በሚወስደው መንገድ ዳር፥ የዘመዶቻችን ስንዴ ለአጨዳ ደርሶ ነበር። ኮምባይነሩ የእርሻውን እኩሌታ ሳይጨርስ ቺንጋው ተበጠሰና ቆመ። መለዋወጫው በአሰላ ተፈለገ፥ ታጣ፤ በአዳማም ተፈለገ፥ ታጣ፤ በመጨረሻ ከባሕር ማዶ እስኪመጣ ጠብቁ ተባለ። የጭላሎ ተራራ ደመና ለብሶ ነበርና አንድ ሽማግሌ ሰማዩን አይተው፥ «ልጆቼ፥ ማጭዳችሁ ወዴት አለ?» ሲሉ ጠየቁን። ማጭድ የተገኘው ከሦስት ቤት ብቻ ነው። ዝናቡም ቀደመን፤ ያልታጨደው ስንዴ በዛላው ላይ እንዳለ በቀለ።

ይህ የአንድ እርሻ ጉዳት በአገር ላይም ደርሶ ያውቃል። በ1927 ዓ.ም. የኢጣልያ ወረራ ሲቃረብ፥ እንግሊዝና ፈረንሳይ የጦር መሣሪያ ለሁለቱም ወገን እንዳይሸጥ ከለከሉ። ክልከላው እኩል ይመስል ነበር፤ ነገር ግን ኢጣልያ መድፍና አውሮፕላን ሠሪ፥ ኢትዮጵያ ደግሞ ገዢ ነበረችና ጉዳቱ በእኛ ላይ ወደቀ። በ1928 ዓ.ም. የዓለም መንግሥታት ማኅበር በኢጣልያ ላይ የንግድ ማዕቀብ ሲጥልም ነዳጅ ዘይትን ሳይጨምር ቀረ። በዘመናችንም ሩስያ በየካቲት 2014 ዓ.ም. ዩክሬንን በወረረች ጊዜ፥ በጅቡቲ በኩል የሚመጣልን ማዳበሪያ ዋጋው ይበልጥ ናረ። ጥቁር ባሕርን አይቶ የማያውቅ የአርሲ ገበሬ የዚያን ጦርነት ዕዳ ከኪሱ ከፈለ።

እንግዲህ መኪናን እንጥላ ማለታችን አይደለም። ከ1960 ዓ.ም. ጀምሮ በስዊድን መንግሥት ርዳታ በጭላሎ አውራጃ የተቋቋመው የእርሻ ልማት ድርጅት ምርጥ ዘርና ማዳበሪያ ባያስለምድ ኖሮ አርሲ የስንዴ አገር ተብላ ባልተጠራች ነበር። ነገር ግን በዚያው ዘመን ትራክተር የገዙ ባለመሬቶች ብዙ ጭሰኞችን ከመሬታቸው አፈናቀሉ። መሣሪያ ላልያዘው ሰው ጌታ ይሆንበታል።

መፍትሔው በቁሉምሳ የምርምር ጣቢያ ይታያል። የስንዴው ዘር አብዛኛው ምንጩ ከውጭ ነው፤ መርጦና ፈትኖ ለአገሩ አየር የሚያስማማው ግን የራሳችን ሰው ነው። በ2006 ዓ.ም. ዲጋሉ የተባለውን ዝርያ የግንድ ዋግ ባጠቃው ጊዜ፥ ገበሬው ሌላ ዝርያ የሚጠይቀው ሰው በአጠገቡ ነበረው። ለኮምባይነሩ ግን እንዲህ ያለ ሰው አልነበረንም።

መግዛት ነውር አይደለም፤ የገዙትን አለማወቅ ግን ባርነት ነው። በተከታዩ ዓመት ዘመዶቻችን ሁለት ትርፍ ቺንጋ ገዝተው አስቀመጡ፥ ማጭዶቻቸውንም አሳሉ። ሽማግሌው ማጭዱን አገላብጠው፥ «ይህም ከመኪና ባሌስትራ የተቀጠቀጠ ነው፤ ብቻ የቀጠቀጠው የኛ ሰው ነው» አሉን።