በጨለማው ቤት ያየናት ገበሬ

አዲስ አበባ ውስጥ ቴዎድሮስ አደባባይ የሚባል ቦታ አለ። በዚያ አካባቢ በድሮ ዘመን አንድ ሲኒማ ቤት ተከፈተ። ሕዝቡ ግን «ሰይጣን ቤት» አለው። ግድግዳ ላይ ሰው ሲሮጥ ይታያል። ሰውየው ግን ቤቱ ውስጥ የለም። ታዲያ ይህ የሰይጣን ሥራ እንጂ የማን ነው? ተባለ።

ነገሩ የሰይጣን ሥራ አይደለም። ፊልም ማለት ተከታትለው የተነሡ ብዙ ፎቶግራፎች ናቸው። በአንድ ሴኮንድ ውስጥ 24 ፎቶግራፎች በመብራት ፊት ያልፋሉ። ዓይናችን አንዱን ከሌላው ለመለየት አይደርስም። ስለዚህ ሥዕሉ የሚንቀሳቀስ ይመስለናል።

እኛም ሲኒማ ቤት የገባነው በ1960ዎቹ ዓ.ም. ነው። ሦስት ባልንጀሮች ሆነን በርበሬ ልንሸጥ መርካቶ መጣን። ገበያው ሲያበቃ መሸ። ከተማ የለመደ አንድ ያገራችን ልጅ «ኑ፣ ፊልም ላሳያችሁ» አለን። ሄድን።

በሩ ላይ ቁራጭ ወረቀት ሰጡን። ወረቀቱ ላይ የወንበር ቁጥር ተጽፏል። እኛ ግን ማንበብ አንችልም። ያገኘነው ወንበር ላይ ተቀመጥን። ብዙም ሳንቆይ ባለ ባትሪው አስተናጋጅ መጣ። «ተነሡ! ቁጥራችሁን አታዩም እንዴ?» አለን። ሰው ሳቀ። ጨለማው ባይኖር ፊታችንን የት እናደርገው ነበር?

ፊልሙ «ማዘር ኢንዲያ» ይባላል። «እናት ህንድ» ማለት ነው። መህቡብ ካን የሚባል ህንዳዊ አዘጋጅቶት በ1950 ዓ.ም. ለሕዝብ የታየ ነው። ቋንቋው አልገባንም። ያ ያገራችን ልጅ ግን ፊልሙን ደጋግሞ አይቶታል። በጆሯችን እየሹከሸከ ነገረን።

ራድሃ የምትባል ገበሬ አለች። አማቷ ለሠርጓ 500 ሩፒ ተበድራለች። በውሉ ቃል ክርክር ተነሣ። የመንደሩ ሽማግሌዎች ለአበዳሪው ፈረዱ። ከዚያ ወዲያ ከአራት እጅ ምርት ሦስቱን እጅ አበዳሪው በወለድ ይወስዳል። ባሏ ድንጋይ ሲፈነቅል ሁለት እጁን ተቀጠቀጠ። ጎርፍ አዝመራውን ጠራርጎ ወሰደው። ራድሃ እንደ በሬ ሞፈሩን ጎትታ ልጆቿን አሳደገች።

አገሩ ህንድ ነው። ማረሻው፣ ጭቃው፣ ረሃቡ ግን የእኛው ነበር። አጠገባችን የነበረች ሴት ነጠላዋን አፏ ላይ አድርጋ አለቀሰች።

ስንወጣ አንደኛው ባልንጀራችን ዝም አለ። «ምን ሆንህ ወንድሜ?» አልነው። ቆይቶ ነገሩን አወጣው። እሱም ገንዘብ ተበድሮ ነበር። ወረቀት አቀረቡለት። አውራ ጣቱን ቀለም አስነክሮ አተመ። የተጻፈውን አላነበበም፤ ማንበብ አይችልማ። መክፈያው ሲደርስ ወረቀቱ እሱ ያላለውን አለ። አንድ በሬውን ነዱበት። «ያቺን ሴትዮ ሳይ በሬዬ ትዝ አለኝ» አለን። ዓመት ሙሉ አፍሮ ደብቆን ኖሯል።

ሌላም የዚያ ዘመን ፊልም አለ። ኃይሌ ገሪማ የሠራው «ምርት ሦስት ሺህ ዓመት» ነው። በ1968 ዓ.ም. ለዕይታ በቃ። በጥቁርና ነጭ የተነሣ ነው። አንድ የገበሬ ቤተሰብ ለባለመሬት ሲገዛ ያሳያል። ባለመሬቱ ወንበሩ ላይ ተቀምጦ ይጮኻል፤ ገበሬው ያርሳል። የገጠር መሬት አዋጅ የወጣው በየካቲት 1967 ዓ.ም. ነው። ፊልሙ ከአዋጁ በፊት የነበረውን ኑሮ ያስታውሰናል። ይህን ያየነው ዘግይተን ነው። የሚነገርበት ቋንቋ አማርኛ ስለሆነ የሚሹከሹክልን ሰው አላስፈለገንም።

በሐምሌ 1971 ዓ.ም. የመሠረተ ትምህርት ዘመቻ ተጀመረ። እኛም ሦስታችን ተመዘገብን። ያ ባልንጀራችን ከሁላችን ቀድሞ ይደርስ ነበር። ፊደሉን በእንጨት መሬት ላይ እየጻፈ ያጠና ነበር። ስሙን በጻፈ ዕለት ወረቀቱን አጣጥፎ ኪሱ ከተተ።

ከዚያ በኋላ አንድ ቀን እንደገና ወደዚያ ሲኒማ ቤት ሄድን። ወረቀታችንን ተቀበልን። ባልንጀራችን ወደ መብራቱ አስጠግቶ አየው። ረድፉን ቆጠረ፤ ወንበሩን ቆጠረ። «እዚህ ነው» አለና ተቀመጠ። ማንም አላስነሣውም።

እናንተስ፣ ውድ አንባቢዎች? ይህን ገጽ አንብባችሁ እዚህ ደርሳችኋል። እንግዲህ ወረቀት ሲቀርብላችሁ አትቸኩሉ። መጀመሪያ አንብቡ። ያልገባችሁን ጠይቁ። ከዚያ በኋላ ስማችሁን በራሳችሁ እጅ ጻፉ።