ያገለገለ ካሜራ ስለ መግዛት

የዱርቤቴ ገበሬ በሬ ሊገዛ ገበያ ሲወጣ የቀንዱን ማማር ብቻ አይቶ ገንዘቡን አይቈጥርም። ጥርሱን ገልጦ ዕድሜውን ይገምታል፤ ጥቂት አስኪዶም አረማመዱን ይመለከታል። እኛም በልጅነታችን አባታችንን እየተከተልን ይህን ስናይ አድገናል። ሆኖም የመጀመሪያውን ያገለገለ ካሜራ ስንገዛ ትምህርቱን ረስተን በመልኩ ብቻ ተማርከን ወሰድነው።

በዚያ ካሜራ አባታችንን በዘመን መለወጫ ቀን፣ ነጭ ጋቢያቸውን እንደ ለበሱ፣ በደጃፋቸው አነሣናቸው። ፊልሙ ታጥቦ ሲመጣ የጋቢው እጥፋት አንድ በአንድ ይታያል፤ ፊታቸው ግን እንደ ጥላሸት ጠቍሯል። አባታችን ፎቶግራፉን አቅርበውም አርቀውም ተመለከቱና፣ «እግዜር ይስጥህ ልጄ፤ ጋቢዬ አምሮበታል፤ እኔ ግን የለሁበትም» አሉን። እኛም ሳቅን። ሌላ ፎቶግራፍ ሳናነሣቸው በዚያው ዓመት ዐረፉ።

ጥፋቱ ከምን እንደ መጣ የተረዳነው ዘግይተን ነው። የካሜራ ብርሃን መለኪያ ጋቢና ፊት ለይቶ አያውቅም፤ የሚያየው ሁሉ መካከለኛ ግራጫ ይመስለዋል። ነጭ ልብስ ብዙ ብርሃን ሲመልስበት ብርሃኑ የተረፈ መስሎት ጊዜውን ያሳጥራል፤ ፊትም ይጨልማል። ነጭ መልበስ ልማዱ በሆነ አገር ይህ ቀላል ነገር አይደለም።

እናታችንን ግን እንዲህ አናነሣቸውም ብለን ሁለተኛ ካሜራ ለመግዛት ቈረጥን። የፈለግነው ዓይነት አንሺው የሌንሱን ቀዳዳ ስፋት ሲመርጥ ካሜራው ደግሞ ለዚያ የሚስማማውን የመዝጊያ ጊዜ ራሱ የሚያገኝ ነው። ቀዳዳው ሲሰፋ ፊት ጐልቶ ከኋላ ያለው ይደበዝዛል፤ ሲጠብ ሰውየውም ከበስተ ኋላው ያለው የዳጉሳ ማሳም አብረው ይጠራሉ። ፍርዱ የሰው፣ ስሌቱ የመሣሪያው ይሆናል ማለት ነው።

እ.ኤ.አ. በ1976 የወጣው ካኖን ኤኢ-1 ዝናው ብዙ ነው፤ ነገር ግን አሠራሩ የተገላቢጦሽ ነው፤ ሰው ጊዜውን ይመርጣል፣ ካሜራው ቀዳዳውን ይወስናል። በ1960ዎቹ የተሠራው ያሺካ ኤሌክትሮ 35 እንደ ፈለግነው ቢሆንም የተሠራው ለሜርኩሪ ባትሪ ነው፤ ያ ባትሪ ደግሞ ከገበያ ወጥቷል። መኖው የማይገኝ በሬ አይገዛም። በ1976 የወጣው ፔንታክስ ኤምኢና በ1979 የወጣው ኒኮን ኢኤም ግን እንደ ሰዓት ባትሪ ባሉ ትንንሽ ባትሪዎች ይሠራሉ። በኒኮኑ ላይ ያለችው አንዲት ቍልፍ ብርሃኑን በአንድ ጊዜ ወደ 4 እጥፍ ታደርሰዋለች፤ በፔንታክሱ ላይ ግን 2 እጥፍ ወይም 4 እጥፍ ብሎ መምረጥ ይቻላል። ስለዚህ ፔንታክሱን መረጥን፤ ዋጋውም ከካኖኑ ያነሰ ነበር።

ከመክፈላችን በፊት ግን ጥርሱን ገለጥን። የባትሪውን ማደሪያ ከፍተን አረንጓዴ ዝገት እንዳለበት ተመለከትን። በክዳኑ ጠርዝ ብርሃን የሚከለክለው ስፖንጅ እንደ ቅጥራን ቀልጦ እንደ ሆነ በጣታችን ዳሰስን። ሌንሱን ወደ ብርሃን አንሥተን ሻጋታ ፈለግን፤ የጎጃም ክረምት ረጅም ነውና ሻጋታ የያዘ ሌንስ እየባሰበት እንጂ እየተሻለው አይሄድም። በመጨረሻም አስኬድነው። ያለ ፊልም፣ ክዳኑን ዘግተን፣ ቈጣሪው 1 ላይ እስኪደርስ ካጠነጠንን በኋላ መጀመሪያ ወደ መስኮቱ፣ ቀጥሎ ወደ ጨለማው ጥግ አነጣጥረን ድምፁን አዳመጥን። በመስኮቱ በኩል አጭር፣ በጥጉ በኩል ረጅም ከሆነ ልቡ ጤነኛ ነው።

እናታችንን በነጭ ነጠላ፣ በዛፍ ጥላ ሥር፣ ቀዳዳውን አስፍተን፣ መለኪያውን በ2 እጥፍ ላይ አድርገን አነሣናቸው። የግንባራቸው መስመር ሁሉ ወጣ። እርሳቸውም ብዙ ጊዜ ተመልክተው፣ «ይህን አባትህ ባዩት» አሉ እንጂ ሌላ አልተናገሩም።

ሁለቱ ፎቶግራፎች ዛሬ በአንድ ግድግዳ ላይ ጐን ለጐን ተሰቅለዋል። የትኛውን ካሜራ ልግዛ ብሎ የሚጠይቀን ወዳጅ ሲመጣ፣ ስለ ዋጋና ስለ ስም ከመናገራችን አስቀድሞ እነርሱን እናሳየዋለን።