ከብርድ ወደ ባሕር፣ በዱብቲ በኩል

ለአንድ የዱብቲ ልጅ «ክረምትን ሽሽት» ሲባል ነገሩ ተገልብጦ ነው የሚገባው። እኛ ዘንድ የሚሸሸው ሙቀት ነው። ሰኔና ሐምሌ ላይ ሙቀቱ ከ40 ዲግሪ ሲያልፍ አቅም ያለው ሰው ልጆቹን ወደ ባቲ፣ ወደ ኮምቦልቻ፣ ዘመድ ያለው ደግሞ እስከ ደሴ ይልካል። የቀረነው አልጋችንን ደጅ አውጥተን፣ አንሶላ በውሃ ነክረን ለብሰን እንተኛለን። ፈረንጆች በረዶ ሲጥልባቸው በቆጠቡት ገንዘብ ሙቅ ባሕር ዳር ሄደው ፀሐይ ላይ ይጋደማሉ ሲባል በልጅነቴ «ሰው እንዴት ከፍሎ ይሞቃል?» እል ነበር። የገባኝ ደሴ መጥቼ የመጀመሪያውን ታኅሣሥ ዶርም ውስጥ ሳሳልፍ ነው። ደሴ ከባሕር ወለል በላይ 2,500 ሜትር ገደማ ላይ ናት፤ ዱብቲ 400 ሜትር አትሞላም። ያን ሰሞን ልብስ ሳጥብ ጣቶቼ የእኔ አይመስሉኝም ነበር። ከፍለሽ ሙቂ ቢሉኝ እከፍል ነበር።

እንግዲህ የዚህ ዓመት እቅዳችን የተወለደው ከዚህ ብርድ ነው። አምስት ነን፤ ሁላችንም የዚሁ ዲፓርትመንት ተማሪዎች። ከመካከላችን አንዷ በስልኳ ስኖርክሊንግ የሚሉትን ነገር አየችና ታኅሣሥን ሙሉ ስለሱ ብቻ አወራች። ላላወቃችሁት፣ ስኖርክሊንግ ማለት ዓይንና አፍንጫ የሚሸፍን መነጽር አድርጎ፣ አጭር ቱቦ አፍ ውስጥ ይዞ፣ በደረት ውሃ ላይ ተንሳፎ ታች ያለውን ማየት ነው። ጥልቅ መጥለቅ የለበትም፤ የአየር በርሜል አይታዘልም። አንዱ ጓደኛችን «ታዲያ ቱቦውን ሁለት ሜትር አድርገን ለምን አንጠልቅም? የአትክልት ማጠጫ ላስቲክ ሞልቶ የለ!» አለ። አይሆንም። ሰው አንድ ሜትር ያህል እንኳ ሲጠልቅ የውሃው ግፊት ደረቱን ስለሚጫነው ከላይ አየር መሳብ ያቅተዋል። ቱቦው ከክንድ የማይረዝመው ለዚህ ነው። ይኼን በመናገሬ ቡድኑ ውስጥ «ኢንጂነር» የሚል ስም ወጣልኝ።

ታዲያ የትኛው ባሕር? የጂኦግራፊ ተማሪ ካርታ ላይ ማስመሪያ ማስቀመጥ ይወዳል፤ አስቀመጥን። ከደሴ በኮምቦልቻ፣ በባቲ፣ በሚሌ ወርዶ ሰመራ መድረስ ከአንድ ቀን አይበልጥም። ዱብቲ ከሰመራ አጠገብ ስለሆነች ማደሪያው የእኛ ቤት ነው። ከሰመራ በሰርዶና በዲቺዮቶ አድርጎ ጋላፊ ላይ ድንበር ይታለፍና ጅቡቲ ነው። የታጁራ ባሕረ ሰላጤ እዚያ አለ። ከኅዳር እስከ ጥር ባለው ጊዜ ዌል ሻርክ የሚባሉት፣ ከዓለም ዓሦች ሁሉ ትልቆቹ፣ በዚያ ባሕረ ሰላጤ ይሰበሰባሉ። ሻርክ ሲባል አትደንግጡ። ምግባቸው ውሃው ላይ የሚንሳፈፍ ደቃቅ ነገር ነው፤ ሰው አጠገባቸው ይዋኛል። ከአውሮፓ ድረስ ሰው ለዚህ ብሎ ይመጣል። እኛ ደግሞ ጎረቤት ነን። ምን ይጎድለናል?

የሚጎድለን ብዙ ነበር። ከአምስታችን ፓስፖርት ያለን ሁለት ብቻ ነን፤ አዲስ ማውጣት 5,000 ብር ነው። የጀልባው ሂሳብ በዶላር ነው የሚጠየቀው፤ ሐምሌ 2016 ዓ.ም. የብር ምንዛሪ ለገበያ ከተለቀቀ ወዲህ ደግሞ ዶላር በብር ሲታሰብ ከእጥፍ በላይ ሆኗል። የጅቡቲ ፍራንክ ከዶላር ጋር የታሰረ ስለሆነ (አንዱ ዶላር 177 ፍራንክ ገደማ) እዚያ ሄዶ «ይቀንስልን ይሆናል» ብሎ ተስፋ ማድረግ የለም። እረፍታችንም የካቲት ላይ ነው፤ ሻርኮቹ የእኛን ካላንደር አያውቁም። አምስተኛው ጓደኛችን፣ የአሳይታው ልጅ፣ ይኼን ሁሉ ስንደምርና ስንቀንስ ዝም ብሎ ሰምቶ «ለእናንተ ውጭ አገር ነው፤ ለእኔ አክስቴ ቤት ነው» አለ። እውነቱን ነው። አፋር ኢትዮጵያም፣ ጅቡቲም፣ ኤርትራም ውስጥ ነው ያለው። አክስቱ ታጁራ ከተማ ነው የምትኖረው። ሲደውልላት ከመሣሪያና ከቪዛ በፊት ስንት ሆነን እንደምንመጣና ዓሣ እንበላ እንደሆነ ነው የጠየቀችው።

ለእናቴ ስነግራት ግን ሌላ ነገር ሆነ።

«በየት በኩል?» አለች።

«በጋላፊ፣ እማዬ። ወደ ታጁራ።»

ስልኩ ውስጥ ዝምታ ሆነ። ከዚያ «አንቺ ልጅ፣ ማን ነው የነገረሽ? ደላላው ማን ነው?» አለችኝ።

ለመዝናናት ነው ብል፣ መነጽርና ቱቦ ብል፣ ልታምነኝ አልቻለችም። አልፈርድባትም። ከሎግያ ወደ ጋላፊ የሚሄደውን መንገድ ዱብቲ ያደገ ሰው ያውቀዋል። ከወሎ፣ ከሌላውም አገር የመጡ ልጆች አምስት፣ አሥር ሆነው፣ ሃይላንድ ላስቲክ ውሃ ይዘው፣ ቀን ዛፍ ሥር ተኝተው ማታ ይሄዳሉ። ድንበር ካለፉ በኋላ በአሳል ሐይቅና በታጁራ በኩል አድርገው ኦቦክ ይደርሳሉ፤ ከዚያ በጀልባ የመን፣ ከየመን ሳዑዲ። በጥር 2011 ዓ.ም. ከኦቦክ በላይ ጎዶሪያ በሚባለው ቦታ ሁለት ጀልባ ተገልብጦ ከ50 በላይ ሰው ሞቷል። በ2016 ዓ.ም. ደግሞ ከየመን የሚመለሱ ስደተኞች የጫኑ ሁለት ጀልባዎች በሁለት ሳምንት ልዩነት እዚያው አካባቢ ሰጥመዋል። ከሄዱት አንዱ የጎረቤታችን ልጅ ነበር። ከእኔ በሁለት ዓመት ይበልጣል፤ ቦይ ውስጥ መዋኘት ያስተማረኝ እሱ ነው። እናቱ እስከ ዛሬ ስልኳን ማታ አትዘጋም። እንግዲህ እናቴ «ታጁራ» ስትሰማ የምታየው ነጭ አሸዋ አይደለም።

ስልኩን ከዘጋሁ በኋላ ካርታውን እንደገና አየሁት። መንገዱ አንድ ነው፤ የኛ ማስመሪያ ያረፈበትና የእነሱ እግር ያረፈበት። ልዩነቱ አንድ ደብተር ያህል ነገር ነው፤ ፓስፖርት። ይኼን ለጓደኞቼ ስነግራቸው አንዷ «ታዲያ ደስታ ይቅር ነው የምትዪው?» አለችኝ። አላልኩም። ባሕር ማየት የፈረንጅ ብቻ መብት አይደለም፤ የእኛ ሰው ባሕርን የሚያውቀው በመከራ ብቻ መሆኑ ነው የሚያናድደኝ። ግን እናቴ ሳታምንበት በዚያ መንገድ ማለፍ አልፈለግሁም። ጎረቤታችንስ «የት ሄደች?» ብለው ሲጠይቁ ምን ይባላሉ?

ባሕርን በሌላ መልኩ የሚያውቅ ሰው ቤታችን ውስጥ ነበር፤ አባቴ። ጥጥ እርሻው ዱብቲ ላይ በነበረበት ዘመን የከባድ መኪና ረዳት ሆኖ ወደ አሰብ ተመላልሷል። ከእኛ ዘንድ አሰብ ወደ 300 ኪሎ ሜትር ነው፤ ለዱብቲ ሰው ከደሴ ብዙም አይርቅም። ጭነት ሲዘገይ ሾፌሮቹ ባሕሩ ውስጥ ይገቡ ነበር። አባቴ ያለ መነጽር ዓይኑን ከፍቶ ታች ሲያይ «ድንጋዩ አበባ ያወጣ መሰለኝ፤ ከዚያ ጨው ዓይኔን አቃጠለኝና ወጣሁ» ይላል። ኮራል መሆኑ ነው። ግንቦት 1990 ዓ.ም. ጦርነቱ ሲጀመር መንገዱ ተዘጋ። መስከረም 1 ቀን 2011 ዓ.ም. ቡሬ ላይ ድንበሩ ሲከፈት ቴሌቪዥን ፊት ቆሞ እንደነበር አስታውሳለሁ፤ እኔ ገና የዐሥራ አምስት ዓመት ልጅ ነበርኩ፤ «አሳይሻለሁ» አለኝ። ከጥቂት ወራት በኋላ ተመልሶ ተዘጋ። ስለ አሰብ ብዙ ይወራል፤ አባቴ ግን የሚያወራው ስለዚያ አበባ ድንጋይ ነው።

የአባቴ ድንጋይ ነው ሐሳቡን ያመጣልኝ። ባለፈው ሴሚስተር መምህራችን ስለ ዳናክል ረባዳ ሲያስተምሩን የቀይ ባሕር ውሃ በአንድ ወቅት ወደ ውስጥ ገብቶ እንደነበር ነግረውናል። የዛሬ 125,000 ዓመት ገደማ መሆኑ ነው። ኋላ ውሃው ተቆርጦ ሲደርቅ ጨው ሆኖ ቀረ፤ በረባዳው ጠርዝ ላይ ግን የኮራሉ ግድግዳ እስከ ዛሬ ደረቅ መሬት ላይ ቆሟል። ያለ ቱቦ የሚታይ የባሕር ወለል ማለት ነው! መሬቱ ዛሬም አልተኛም። በ1998 ዓ.ም. መስከረም ላይ ዳባሁ አጠገብ 60 ኪሎ ሜትር ያህል ርዝመት ያለው ስንጥቅ ተከፍቷል፤ ምሁራኑ በሚሊዮን ዓመታት ውስጥ ባሕሩ ተመልሶ ይመጣል ይላሉ። የእኛ እረፍት አንድ ሳምንት ስለሆነ መጠበቅ አልቻልንም።

ስለዚህ አፍዴራ አልኩ። አፍዴራ ሐይቅ ከባሕር ወለል በታች 100 ሜትር ገደማ ላይ ያለ ጨዋማ ሐይቅ ነው። ከጦርነቱ ወዲህ የአሰብ ጨው ሲቋረጥ አገሪቱ የዞረችው ወደዚህ ነው፤ ወጣችሁ የበላችሁት ጨው ከዚያ የመጣ ሳይሆን አይቀርም። ዳርቻው ላይ ዘንባባ አለ፣ ፍል ውሃ አለ። ለእኛ የሚበልጠው ደግሞ ዓሣው ነው። ዳናኪሊያ ፍራንኬቲ የምትባል ትንሽ ዓሣ ከዚህ ሐይቅና ከምንጮቹ በቀር በዓለም ላይ ሌላ መኖሪያ የላትም። ዌል ሻርክ በብዙ ባሕር አለ። ይቺ ግን አንድ አድራሻ ብቻ ነው ያላት። ሐይቁ ውስጥ ያለችው ደሴትም ከዓለም ደሴቶች ሁሉ ዝቅተኛዋ ትባላለች። ፓስፖርት አይጠይቅም፣ ዶላር አይጠይቅም፣ ደላላ የለበትም።

ሌላም ጥቅም አለው። ከአምስታችን ሦስቱ መዋኘት አይችሉም። እኔ የአዋሽ ልጅ ነኝ፤ ነገር ግን አዋሽ ውስጥ አዞ ስላለ እኛ የተማርነው በጥጡ መስኖ ቦይ ነው፣ ውሃው የቡና ቀለም፣ ታች የእግርህ ጣት እንኳ የማይታይበት። አዋሽ ራሱም ባሕር አያውቅም፤ ከ1,200 ኪሎ ሜትር ጉዞ በኋላ አቤ ሐይቅ ገብቶ ያልቃል። አፍዴራ ግን ጨው ስለበዛበት ሰውን ወደ ላይ ይገፋል። ለማያውቅ ሰው ከባሕር ይሻላል። ዓይን ግን በጣም ያቃጥላል፤ መነጽሩ በደንብ መግጠም አለበት፤ የተላጨ ወይም የተቧጠጠ ቆዳ ያለው ሰው ደግሞ ይቆይ። ከሐይቁ ወጥቶ በፍል ውሃው መታጠብ ግድ ነው።

አንድ ነገር ብቻ ይቀራል። ኅዳር 14 ቀን 2018 ዓ.ም. እዚያው አፍዴራ ወረዳ ውስጥ ሃይሊ ጉቢ ፈነዳ፤ አመዱ ቀይ ባሕርን ተሻግሮ እስከ ሕንድ ደርሷል። የአካባቢው ከብት አርቢዎች ግጦሻቸው አመድ ለበሰባቸው። እኛ ለመዝናናት ስንሄድ እነሱ ምን ላይ እንዳሉ ሳንጠይቅ መሄድ ነውር ነው። የአሳይታው ልጅ እዚያ ዘመድ አለው (የሌለው የት ነው?)፤ አየሩን፣ መንገዱን፣ ውሃውን አጣርቶ እስኪነግረን ቀን አልቆረጥንም። ፖሊስና አካባቢው ካልፈቀደ ዱብቲ ቤታችን ተቀምጠን፣ አላሎባድ ፍል ውሃ አይተን እንመለሳለን። በየካቲት ያ ብቻውን ለደሴ ብርድ መድኃኒት ነው፤ በዚያ ወር ዱብቲ ማታ ነጠላ ብቻ የሚያስለብስ አየር ነው ያላት።

መነጽር ደሴ ገበያ ሦስት አግኝተናል፤ ቱቦ ግን አንድ ብቻ፣ እሱንም ከአዲስ አበባ በዘመድ አስመጥተን። በየተራ ነው። ከሴቶቹ ሁለታችን በሙሉ ልብስ እንገባለን። ጅቡቲ አልተሰረዘም፤ ፓስፖርት የሌላቸው ሦስቱ ዘንድሮ ያወጣሉ፣ ለሚቀጥለው ዓመት ታኅሣሥ ቅዳሜና እሑድ የሚያገናኝ በዓል እየፈለግን ነው፤ የታጁራዋ አክስትም ቀኑን ቶሎ ንገሩኝ ብላለች።

ለእናቴ አፍዴራ ስላት መጀመሪያ «እሱስ ጨው የሚጫንበት አይደል እንዴ፣ ምን ይታያል?» አለች። ስለ ዓሣዋ ነገርኳት፣ አልገረማትም። ስለ ፍል ውሃው ስነግራት ግን ድምፅዋ ተለወጠ፤ ጉልበቷን ሁለት ዓመት ሙሉ ያማታል። መኪናው ስንት ሰው እንደሚይዝ ጠየቀችኝ። አሁን ስድስት ነን፤ ከሷ ጋር ጎረቤታችንም ልትመጣ ትችላለች ብላኛለች፤ ያን ጊዜ ሰባት እንሆናለን፣ የቤንዚኑ ሂሳብም ለእያንዳንዳችን ይቀልልናል።