ልጄ ድናለች፤ ፎቶዋን አውርዱልኝ

ከስምንት ዓመት በፊት፣ በ2010፣ ልጄ ስድስት ዓመቷ ሳለ በጠና ታመመች። የሕመሟን ስም እዚህ አልጠራም፤ ምክንያቱን መጨረሻ ላይ እነግራችኋለሁ። ሐኪሞቹ "እዚህ አይቻልም፣ ውጭ ውሰዷት" አሉን። የተጠየቀው ገንዘብ የእኔና የእናቷ ደመወዝ ለአሥር ዓመት ቢጠራቀም የሚሞላው አልነበረም። እቁቡም፣ ዘመዱም፣ የመሥሪያ ቤት መዋጮውም ተደምሮ ሩቡን አልደረሰም።

አንድ ማታ የእናቷ ወንድም "ፌስቡክ ላይ እናውጣው" አለኝ። አላመነታሁም። ሆስፒታል አልጋ ላይ እንደተኛች፣ አፍንጫዋ ላይ ቱቦ እንዳለ ፎቶ አነሳኋት። ሙሉ ስሟን፣ ዕድሜዋን፣ ሰፈራችንን፣ የሕክምና ቦርዱን ደብዳቤ ከነማኅተሙ፣ የእኔንና የእናቷን ስልክ፣ የባንክ ሒሳብ ቁጥራችንን አንድ ላይ ለጠፍኩ። መጨረሻ ላይ "ሼር በማድረግ ተባበሩን" ብዬ ጻፍኩ።

ሰው ተባበረ። የማላውቃቸው ሰዎች ሃምሳ ብር፣ መቶ ብር አስገቡ። ሳዑዲ በሰው ቤት የምትሠራ አንዲት እኅት የወር ደመወዟን እንዳለ ላከች። በሁለት ወር ገንዘቡ ሞላ። ልጄ ሄደች፣ ታከመች፣ ዳነች። ያንን ውለታ ዕድሜ ልኬን ብከፍል አልጨርሰውም። ከዚህ በታች የምለውን ሁሉ ይህን እያሰባችሁ አንብቡልኝ።

ዘንድሮ ስምንተኛ ክፍል ነች። ኅዳር ላይ አንድ ቀን ከትምህርት ቤት መጥታ ምሳዋን ሳትበላ ገብታ ተኛች። ማታ ስልኳን አሳየችኝ። በክፍሏ ልጆች የቴሌግራም ግሩፕ ውስጥ ያች ፎቶ አለች። ከሥሯ "ይቺ አንቺ ነሽ እንዴ?" የሚል ጥያቄ፣ ከዚያ የሚያለቅሱ ኢሞጂዎች፣ ከዚያ "እግዚአብሔር ይማርሽ"።

ማንም አልሰደባትም። በማግስቱ ግን የስፖርት መምህሯ "አንቺ ጥላ ሥር ቁጭ በይ" አሏት። ሐኪሟ "እንደ ልብሽ ሩጪ" ካላት አራት ዓመት አልፏል። ጓደኞቿ ቦርሳዋን ሊሸከሙላት ተሻሙ። እስከዚያ ቀን በሩጫ የምትታወቅ ልጅ በአንድ ቀን "ያቺ የታመመችው" ሆነች።

"አባዬ፣ ይሄን ሁሉ ሰው ያያል ብሎ ማን ፈቀደ?" አለችኝ።

እኔ ነኝ የፈቀድኩት።

የራሴን ልጥፍ ያጠፋሁት በዚያው ሌሊት ነው። አንድ ደቂቃ አልፈጀም። ከዚያ ስሟን ቴሌግራም ላይ ፈለግሁ። 31 ቦታ አገኘሁት። ሦስቱ ላይ ፎቶውና ስሟ የእኛ ነው፣ የባንክ ሒሳቡ ግን የሌላ ሰው። የዳነች ልጅ ፎቶ ይዞ ዛሬም የሚለምን አለ ማለት ነው።

የቴሌግራምን አሠራር ብዙዎቻችሁ ታውቁታላችሁ። አንድ ሰው ከቻናል ወደ ቻናል ፎርዋርድ ያደረገው ነገር ራሱን የቻለ ቅጂ ነው፤ ዋናው ቢጠፋም እሱ ይቀራል። ቻናል ላይ ያለውን በአብዛኛው የሚያጠፋው ባለቤቱ ወይም እሱ የወከለው አድሚን ነው። በየሰዉ ስልክ ጋለሪ የተቀመጠውንማ ማን ይደርስበታል? ከአፍ ከወጣ አፋፍ የሚባለው ለቃል ነበር፤ ለፎቶ ይብሳል።

እናም ለየአድሚኑ መጻፍ ጀመርኩ። "የልጅቷ አባት ነኝ። ልጄ ድናለች፣ እግዚአብሔር ይስጥልን። እባካችሁ አውርዱልን።" 17ቱ ቦታ ላይ ወረደ። አንዳንዶቹ "እንኳን ዳነች!" ብለው በደቂቃ ውስጥ አነሱት። አንዱ "አባቷ መሆንህን በምን ላውቅ? መታወቂያህን ፎቶ አንስተህ ላክ" አለኝ። ሰውየው አልተሳሳተም፤ ማንም ተነስቶ የሰውን ልጥፍ አጥፉ ሊል ይችላል። ግን አስቡት፤ አንድ የቤተሰቤን መረጃ ለማስጠፋት ሌላውን ለማላውቀው ሰው ልሰጥ ነው። ላክሁለት። መታወቂያዬን ከስልኩ ያጥፋው አያጥፋው የማውቅበት መንገድ የለኝም።

ያመመኝ ግን የሌላኛው መልስ ነው። "ወንድሜ፣ ይሄ ሕዝብ የሠራው በጎ ሥራ ነው። ያኔ ሲጨንቅህ ለጥፉልኝ፣ አሁን ሲደላህ አጥፉልኝ?"

ለሁለት ቀን መልስ አጣሁ። እውነትም ውለታ ቢስ የሆንኩ መሰለኝ። በኋላ ግን ነገሩን ረጋ ብዬ ሳየው ሁለት ነገር እንደቀላቀለ ገባኝ። ሕዝቡ የሰጠው ገንዘብ ነው፤ ለዚያ ባለዕዳው እኔ ነኝ። የልጄን ፊትና የሐኪሟን ደብዳቤ ግን ማንም በሃምሳ ብር አልገዛም። ፎቶውን የሰጠሁት ለአንድ ጉዳይ ነበር፤ እንድትታከም። ጉዳዩ አለቀ። ለሠርግ የተዋስነውን ድንኳን ሠርጉ ካለፈ በኋላ ደጃችን ተክለን አንኖርም።

ሕጉም የሚለው ይህንኑ ነው። የ1952ቱ የፍትሐ ብሔር ሕግ አንቀጽ 27 የሰው ፎቶ ያለ ፈቃዱ በአደባባይ አይታይም፣ አይባዛም ይላል። በዚያ ዘመን ኢንተርኔት የለም፤ የታሰበው የፎቶ ቤት መስኮት ላይ የሚሰቀል ምስል ሳይሆን አይቀርም። ሕገ መንግሥቱም በአንቀጽ 26 የግል ሕይወትን ያስከብራል። የሕዝብ ተወካዮች ምክር ቤት በመጋቢት 2016 ያጸደቀው የግል ዳታ ጥበቃ አዋጅ ቁጥር 1321/2016 ደግሞ ነገሩን ወደ ዘመናችን አመጣው። የጤና መረጃ ከሌላው የበለጠ ጥንቃቄ እንደሚሻ ይደነግጋል። ሰው ስለ ራሱ የተያዘውን መረጃ እንዲያይ፣ እንዲያስተካክልና እንዲያስጠፋ መብት ይሰጣል። ተቆጣጣሪው የኢትዮጵያ ኮሙኒኬሽን ባለሥልጣን ነው።

"ይሄ ለባንክና ለቴሌ የወጣ እንጂ ለአንድ ቻናል አድሚን ምኑ ነው?" የሚል አይጠፋም። አንድ የስዊድን ታሪክ ልንገራችሁ። ቦዲል ሊንድክቪስት የምትባል ሴት በ1990ዎቹ መጨረሻ (በፈረንጆቹ) በሰፈሯ ቤተ ክርስቲያን ታገለግል ነበር። ምእመናኑ የሚያስፈልጋቸውን መረጃ በቀላሉ እንዲያገኙ ብላ የአገልጋዮቹን ስምና ሥራ፣ አለፍ ሲልም ስልካቸውን በይነ መረብ ላይ ጻፈች። አንዷ እግሯን ተጎድታ ግማሽ ቀን ብቻ እንደምትሠራ ጠቀሰች። ክፋት አልነበረባትም፤ ቅር ያላቸው እንዳሉ ስትሰማ ወዲያው አነሳችው። ሆኖም ተከሰሰች፤ 4000 ክሮነር ቅጣትም ተጣለባት። ጉዳዩ ይግባኝ ላይ ሳለ የአውሮፓ ፍርድ ቤት ዘንድ ደረሰና በ2003 እንዲህ ተባለ፦ የእግሯ ጉዳት የጤና መረጃ ነው፤ ወሰን ለሌለው ሕዝብ የተለጠፈ ነገር ደግሞ "የግል የቤተሰብ ጉዳይ ነው" ተብሎ አይታለፍም።

ያ ፍርድ እኛን አይገዛም። ያነሳሁት ቅን ልብ መኖሩ መረጃውን የራስ እንደማያደርገው ስለሚያሳይ ነው። በአውሮፓ ከ2018 ጀምሮ ሥራ ላይ የዋለው የዳታ ጥበቃ ሕግም በመግቢያው ላይ አንድ ነገር ለይቶ ያነሳል፤ የመጥፋት መብት በተለይ የሚያስፈልገው በልጅነቱ፣ የሚመጣውን ሳያውቅ ፈቅዶ ኋላ ላይ ማንሳት ለሚፈልግ ሰው ነው። የእኔ ልጅ ደግሞ ራሷም አልፈቀደችም። እኔ ነኝ የፈቀድኩላት።

እና ምን ይሁን? የእርዳታ ጥሪ ይቅር አልልም። ይህን ብል ኖሮ ልጄ ዛሬ የለችም። ነገም አንድ አባት በዚያው ጭንቀት ውስጥ ሆኖ ስልኩን ያወጣል። ለእሱ ይህን እለዋለሁ፦ የልጅህን የአባትና የአያት ስም ተወው፤ በመጠሪያ ስሟ ብቻ ሰው ይረዳሃል። ከፎቶ ሁሉ ቱቦ ያለበትን አትምረጥ፤ ስትስቅ የተነሳችው ሞልታልሃለች። የሐኪሙን ደብዳቤ ለማጣራት ለሚፈልግ ሰው በውስጥ መስመር አሳየው እንጂ አትለጥፈው። ልጥፉ መቼ እንደሚነሳም ከመጀመሪያው ጻፍ፤ "ገንዘቡ ሲሞላ ይህ ጽሑፍ ይጠፋል፣ እናንተም አጥፉልን" በል። እኔ ይህን አንድ መስመር ብጨምር ኖሮ ለ31 ሰው አልለምንም ነበር።

ለአድሚኖች ደግሞ፦ ከሁሉ በፊት ልጥፋችሁን ራሳችሁ ዞር ብላችሁ እዩ። የዛሬ አምስት ዓመት "አስቸኳይ" ያላችሁት ልጅ ዛሬ ወይ ድኗል ወይ አርፏል፤ ፎቶው በሁለቱም አያስፈልጋችሁም። የሠራችሁት በጎ ሥራ እንዲታወቅ ከፈለጋችሁ "በዚህ ዓመት አንዲት ሕፃን አሳክመናል" ብላችሁ ጻፉ፤ እኔ ራሴ ከሥሩ ምስጋናዬን እጽፋለሁ። አንድ ወላጅ "አውርዱልኝ" ሲል ግን ክርክር አትግጠሙት።

14 ቦታ ላይ ፎቶዋ እስከ ዛሬ አለ። የተቀየረ ሒሳብ ያለባቸውን ሦስቱን ለፖሊስ አመልክቻለሁ፤ ለሌሎቹ በየሳምንቱ እጽፋለሁ።

የስፖርት መምህሩን ሄጄ አነጋገርኳቸው። ደንግጠው "ልጎዳት ብዬ አይደለም" አሉኝ፤ አመንኳቸው። ባለፈው ሳምንት ሮጣለች።

ይህን ጽሑፍ ከመልቀቄ በፊት አስነበብኳት። ዝም ብላ አንብባ ጨረሰችና "የሕመሜን ስም አውጣው፣ ሌላው ይሁን" አለችኝ። አወጣሁት። በስምንት ዓመት ውስጥ ስለ እሷ ከጻፍኩት፣ እሷን ጠይቄ የለጠፍኩት ይህ የመጀመሪያው ነው።