ስኳር በስኒ

ድሃ ስኳር በስኒ ይገዛል። በኪሎ ከሚገዛው ጎረቤቱ ይልቅ በውድ እንደሚገዛም ያውቃል። ግን ምን ያድርግ? የሕይወት ኢንሹራንስም እንዲሁ ነው።

አበርገሌ የሚያስተምር ታናሽ ወንድሜ ኢንሹራንስ ገብቷል። አረቦኑ በዓመት አንዴ ቢከፈል 6000 ብር ነው፤ በየወሩ ከሆነ ግን 530 ብር። አሥራ ሁለቱን ወር ደምሩት፤ 6360 ይመጣል። «360 ብር ምን አላት? 6 በመቶ ናት» አለኝ። አይደለችም! ቀሪው ዕዳ በየወሩ እየቀነሰ ስለሚሄድ፣ ወለዱ በዓመት ሲሰላ ወደ 13 በመቶ ይጠጋል። ስሙን «ብድር» አላሉትም እንጂ ብድር ነው።

የንግድ ሕጋችን ከ1952 ዓ.ም. ጀምሮ የሕይወት ኢንሹራንስን ቢያውቀውም፣ የብዙው ሰው መድን እድር ነው። እድርተኛ የሚቀጣው ሲያረፍድ ነው እንጂ በየወሩ ስላዋጣ አይጨመርበትም። በእርግጥ እድር ይቀብራል፣ ያስተዛዝናል፤ ልጅ ግን ለዓመታት አያሳድግም።

«ታዲያ ፍየሎቼን ሸጬ ልክፈል?» አለኝ። የአበርገሌ ሀብት ፍየል ነው። በችግር ወር ተጣድፈው የሸጧት ፍየል ከ360 ብር በላይ ልታከስር ትችላለች፤ በፋሲካ ገበያ ግን ዋጋዋን ታወጣለች። እንግዲያው የአረቦኑ ቀን ከበዓሉ ገበያ ጋር ይግጠም፤ ካልሆነም በስድስት ወር አንዴ ይከፈል።

ይህም ካልተቻለ፣ ውድም ቢሆን በየወሩ ይክፈል። ከሁሉ የሚብሰው ኪሳራ መሃል መንገድ ላይ የተቋረጠ ውል ነው፤ የዚያን ዕዳ የሚከፍሉት ልጆች ናቸው።