ዝክር ያጣው የሶባ ጳጳስ

ሐምሌ 26 ሲደርስ አባ ሰላማ ከሣቴ ብርሃንን እናስባለን። ካህናቱ ማኅሌት ይቆማሉ፣ የሰንበት ትምህርት ቤት ልጆች የፍሬምናጦስን ታሪክ ይተርካሉ። ካርቱም የኖርን ኢትዮጵያውያን ግን የዚያችን አገር ሐዋርያ ስንቶቻችን እናውቀዋለን? ሎንጊኖስ ሲባል ቶሎ ትዝ የሚለን ጌታን በጦር የወጋው ሌንጊኖስ ነው። እኔ የማነሣው ጳጳሱን ነው፤ እ.ኤ.አ. በ580 አካባቢ የኖባዊቷን መንግሥት የአልዋን ንጉሥ ያጠመቀውን። የአልዋ መናገሻ ሶባ ደግሞ ከመሐል ካርቱም 20 ኪሎ ሜትር ገደማ ርቃ፣ ጥቁር ዓባይ ዳር ያለች ናት።

ታሪኩን ያቆየልን በዘመኑ የነበረው የኤፌሶኑ ዮሐንስ ነው። ሎንጊኖስን ለኖባ የመረጠው የእስክንድርያው ፓትርያርክ ቴዎዶስዮስ ነበር፤ እሱም የኬልቄዶንን ጉባኤ አልቀበልም ብሎ በቁስጥንጥንያ በግዞት የኖረ አባት ነው። የቁስጥንጥንያው ንጉሠ ነገሥት ሎንጊኖስን ከከተማ እንዳይወጣ አስጠበቀው። መላጣ ስለነበር በቀላሉ ይለያል፤ ስለዚህ ሰው ሠራሽ ጸጉር አድርጎ አመለጠ። ሰሜን ኖባ ገብቶ ዓመታት አስተማረ፣ ቤተ ክርስቲያን አነጸ። ኋላም የአልዋ ንጉሥ "ናልኝ" ብሎ ላከበት። በመካከል ያለው የመቁርያ ንጉሥ መንገዱን ስለዘጋ በቤጃ በረሃ ዞሮ መሄድ ነበረበት። ሙቀቱ 17 ግመሎች ፈጀ፤ እሱም ታሞ ለሞት ቀርቦ ነበር። እንዲህ ሆኖ ደርሶ ነው ንጉሡንና መኳንንቱን ያጠመቀው።

አንድ ነገር ግን ባነበብኩት ቁጥር ልቤን ይነካዋል። ሎንጊኖስ አልዋ ሲገባ አክሱማውያን አገኘ። የእኛ ሰዎች ያኔም እዚያ ነበሩ! የክርስቶስ ሥጋ ሕማም አይደርስበትም የሚለው የዩልያኖስ ትምህርት አስቷቸው ነበርና አስተምሮ መለሳቸው፤ ስሕተቱንም በጽሑፍ አወገዙ። በእኛ ዘመን በካርቱም ሰፈሮች በጅሬፍና በደይም ቤት ተከራይቶ የኖረው ወገናችን በዚያ ምድር የመጀመሪያው እንግዳ አይደለም ማለት ነው። ያ ጳጳስም የእኛን ሰዎች ጭምር የጠበቀ እረኛ ነው።

የዘራው ዘር ወደ ዘጠኝ መቶ ዓመት ገደማ ኖረ። በ10ኛው መቶ ዓመት ሶባን የገለጸው ኢብን ሱለይም አል-አስዋኒ በወርቅ የተሞሉ አብያተ ክርስቲያናትና የአትክልት ስፍራዎች እንዳሏት ጽፏል። ዛሬ ያሉት የጡብ ፍርስራሽ የሞላባቸው ጉብታዎች ናቸው። በ19ኛው መቶ ዓመት ካርቱም ስትቆረቆር ጡቡ ከሶባ እየተነቀለ ተወስዶላታል። ሱዳኖች ሶባን ያጠፋቻት አጁባ የምትባል ሴት ናት ይላሉ። እኔ ግን የማምነው ሌላ ነው፤ ሶባን ከጦርነት በፊት የጎዳት ካህን ማጣት ነው።

ይህን የምለው ስለ ራሳችን ቤት በተጻፈ ምስክርነት ተደግፌ ነው። በ1520ዎቹ ፖርቱጋላዊው ቄስ አልቫሬዝ በዐፄ ልብነ ድንግል ሰፈር ሳለ፣ ስድስት ሰዎች ከኖባ አገር መጥተው ካህናት እንዲላክላቸው ለመኑ። ንጉሡ የእሳቸውም አቡን ከእስክንድርያ የሚመጣ መሆኑን፣ በሌላ ፈቃድ ያገኙትን ለሌላ መስጠት እንደማይችሉ ነግረው ባዶ እጃቸውን ሸኟቸው። ንጉሡን አልወቅስም፤ የተናገሩት እውነት ነበር። ግን የእነዚያ ስድስት ሰዎች የመልስ ጉዞ ያንገበግበኛል። የሎንጊኖስ ልጆች መጨረሻ ላይ ደጃፋችን ድረስ መጥተው ነበር።

ለአባ ሰላማ ያለን ፍቅር እስከ ዛሬ የዘለቀው ጳጳስ ጠፍቶ ዘመናት ሲያልፉ እንኳ ስሙን የሚጠራ ካህንና ምእመን ስላልጠፋ ነው። ሎንጊኖስ ግን ዝክር የሚያወጣለት ሕዝቡ አለቀ። ከሚያዝያ 2023 (እ.ኤ.አ.) ወዲህ ደግሞ በሱዳን የተነሣው ጦርነት የካርቱምን ብሔራዊ ሙዚየም እንኳ አስዘርፎታል፤ ከኖባ ክርስቲያኖች የግድግዳ ሥዕሎች ብዙዎቹ የተቀመጡት እዚያ ነበር።

ስለዚህ ከካርቱም ተሰዳችሁ ጎንደርም፣ አዲስ አበባም፣ ካይሮም ያላችሁ፣ ወይም እዚያው የቀራችሁ ወገኖቼ፣ በተለይ ልጆች የምታስተምሩ፦ በመጪው ሐምሌ 26 ስለ አባ ሰላማ ስትተርኩ የሎንጊኖስንም ታሪክ ጨምሩበት። የ17ቱን ግመሎች ነገር ንገሯቸው፤ አልዋ ስላገኛቸው አክሱማውያንም።