ፕሮግራሙ አልሞላም ነበር

በ2011 ዓ.ም. የጥምቀት ሰሞን ድሬ ዳዋ በግጭት ከታመሰች በኋላ፣ «የከተማችንን ሰው በሙዚቃ እናቀራርብ» ብለን ከተሰባሰብነው አንዱ ነበርኩ። የመድረኩን ዝግጅት የያዝኩት እኔ ነኝ፤ ጥፋቱም የሌላ ሰው አይደለም።

ያኔ ስለ ሽቱትጋርት ቻምበር ኦርኬስትራ አንብቤ ልቤ ተነክቶ ነበር። ካርል ሚውንሺንገር እ.ኤ.አ. በ1945፣ ጦርነቱ ባለቀበት ዓመት፣ በቦምብ በፈራረሰች ከተማ የክር መሣሪያ ተጫዋቾችን ሰብስቦ አቋቋመው። በተለይ የባኽን ሥራዎች ይዘው ትናንት ጠላት በነበሩ አገሮች ሳይቀር ተጫወቱ። እኔም «የባኽ ሙዚቃ ቃል የለው፣ ወገን የለው፤ ማንም ቅር አይለውም» አልኩና ከአዲስ አበባ ቫዮሊን የሚጫወቱ ወጣቶች አስመጣሁ።

ቀኑ ሳይደርስ አንድ የመጋላ ሰፈር ሽማግሌ ኡድ የሚባለውን የክር መሣሪያቸውን በጨርቅ ጠቅልለው መጡ። ስንቱን ሰርግ ያደመቁ ሰው ናቸው። «አቦ፣ ለእኔም ትንሽ ሰዓት ስጠኝ። ኦሮምኛውንም፣ ሶማሊኛውንም፣ አደርኛውንም፣ አማርኛውንም እጫወታለሁ» አሉኝ። የትኛው ቋንቋ ቀደመ፣ የትኛው አነሰ ተብሎ ጠብ ይነሳል ብዬ ፈራሁ። ፍርሃቴን እንኳ በግልጽ አልነገርኳቸውም። «ፕሮግራሙ ሞልቷል፣ አባባ» ብዬ ዋሸኋቸው። ኡዳቸውን እንደታቀፉ የደቻቱን ወንዝ አሸዋ ተሻግረው ሄዱ።

ወጣቶቹ በደንብ ተጫወቱ፤ ይህን አልክድም። ሰውም አጨበጨበ። ግን በየሰፈሩ ተሰባስቦ እንደተቀመጠ፣ እንደዚያው ተሰባስቦ ወጣ።

ያልገባኝ ይህ ነበር፦ ሽቱትጋርቶች የሄዱት የራሳቸውን ይዘው ነው። ባኽ የአገራቸው ልጅ ነው፤ ያን ሁሉ እልቂት ካመጣች አገር ይህም ይወጣል ብለው ነው ሰው ፊት የቆሙት። እኛስ? በ1950ዎቹ እዚሁ ድሬ ዳዋ የተመሠረተው የአፍራን ቀሎ የሙዚቃ ቡድን፣ የኦሮምኛ ዘፈን መድረክ በሚነፈግበት ዘመን፣ በየሰርጉ እየተጫወተ ነው ያደገው። ከእሱ የወጣው ዓሊ ቢራ ከኦሮምኛ ሌላ በአማርኛ፣ በአደርኛ፣ በሶማሊኛ፣ በዐረብኛም ዘፍኗል። ይህን ከልጅነቴ ጀምሮ አውቃለሁ። ያ ሁሉ ቋንቋ በአንድ ሰው ጉሮሮ ሲያልፍ ሰምቼ ያደግሁት እኔው፣ ሲደባለቅ ያጣላል ብዬ ፈራሁ።

ዓሊ በጥቅምት 2015 ዓ.ም. አርፎ በትውልድ ከተማው ሲቀበር፣ የሽማግሌው ነገር እንቅልፍ ነሳኝ። ቤታቸው ሄድኩ። «ያኔ ፕሮግራሙ አልሞላም ነበር፤ ዋሽቼዎት ነው» አልኳቸው።

«አውቄዋለሁ፣ ልጄ» አሉኝና ቡና አስፈሉልኝ።

ጣቶቻቸው ክር መጫን ትተዋል፤ ኡዱንም ዘመድ ወስዶታል። ሲጫወቱ የተቀረጸ ነገር ይኖር እንደሆነ ጠየቅሁ። የለም። ያን ምሽት እኮ ዝግጅቱን ከመጀመሪያው እስከ መጨረሻው የሚቀርጽ ካሜራ ተከራይተን ነበር።